ከውሃው ላይ ለእርጥበት ሁለት ኪሎ

ውሃ ተሸክማችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ጠጥታችሁማ ታውቃላችሁ። ግን ውሃ በአህያ ጭናችሁ፣ እናንተም አህዮቹም እስከ ጉልበታችሁ ውሃ ውስጥ እየዳከራችሁ፣ ከተማ ድረስ ወስዳችሁ በሚዛን አስመዝናችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስመዝኛለሁ። ደረሰኝም አለኝ። ጫፉን አይጥ በልቶታል እንጂ ማኅተሙ ዛሬም ይነበባል። የሚጠራጠር ካለ ቤቴ መጥቶ ማየት ይችላል፤ ሲመጣ ግን እባካችሁ ስለ ሒሳብ አያንሳብኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ሁላችንም ጓድ በነበርንበት ዘመን። እኔ ከቁሐር ሚካኤል ወዲህ ባለች በአንዲት የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ የሆንኩት በጉብዝናዬ አይደለም። በስብሰባ ላይ «ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ይቁም» ሲባል፣ ቆመው የነበሩት ሁሉ በፍጥነት ተቀመጡ፤ እኔ ለመቀመጥ ዘገየሁ። ከዚያን ቀን ወዲያ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የማነበው እኔ ሆንኩ። ደብዳቤው ደስ የማያሰኝ ነገር ከያዘም ሰው የሚያኮርፈው ደብዳቤውን የጻፈውን ሳይሆን ያነበበውን ነው። ስለ ኮታ ያነበብኩ ቀን ሰላምታ የነሱኝ ሰዎች ነበሩ።

ፎገራን በመስከረም ያየ ያውቃታል። ዝናቡ ጋብ ይላል፤ ውሃው ግን ከሜዳው ለመውጣት አይቸኩልም። ሣሩ ይረዝማል፣ ከብቱ ይጠግባል፣ ከብቱ ሲጠግብ መዥገሩም አብሮ ይጠግባል። በዚያ ዓመት መዥገሩ እንደ ባቄላ አብጦ ከከብቱ ጆሮ፣ ከጡቱ ሥር፣ ከጭኑ መካከል ተንጠልጥሎ ይታይ ነበር። ላሞቹ ወተት ቀነሱ፤ በሬዎቹ ሣር ውስጥ ቆመው ከሱ።

እኔ አንድ በሬ ብቻ ነበረኝ፤ ቦራ ይባላል። ጥቁር ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ነበረኝ አልኩ እንጂ እውነቱን ለመናገር ቦራ የባለቤቴ የደብሬ ነው፤ አባቷ ለጋብቻችን ከሰጧት ጊደር የተወለደ ነው። የማርሰው ከጎረቤቴ አንድ በሬ ጋር በመቀናጆ ነበር፤ የእሱን በሬና የእኔን ጠምደን፣ አንድ ቀን ለእሱ አንድ ቀን ለእኔ። ስለዚህ ቦራ አንድ ነገር ቢሆን መቀናጆ የለም፣ መቀናጆ ከሌለ እርሻ የለም፣ እርሻ ከሌለ ደግሞ ደብሬ የምትለኝን ማሰብ አልፈልግም። ቦራን እወደውም ነበር። ይህንን ያኔ ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁን ግን ሁለታችንም አርጅተናል፣ እሱማ ከሞተ ስንት ዓመቱ፣ ብናገረው ምንም አይደለም።

ታዲያ በዚያ መስከረም ከግብርና አንድ ቆርቆሮ ዱቄት መድኃኒትና አንድ ደብዳቤ ተላከልን። ከዋርካው ሥር ተሰብስበን ደብዳቤውን አነበብኩ። በቆርቆሮው ያለው መድኃኒት በሙሉ በአራት መቶ ኪሎ ግራም ውሃ ተበጥብጦ ከብቱ ይረጫል ይላል። ውሃው ከበዛ መዥገሩ አይሞትም። ውሃው ካነሰ የከብቱ ቆዳ ይላጣል፣ ከብቱም ሊሞት ይችላል። ሌላ ቆርቆሮ የለም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተጠቀምንበትም ለሌላ ማኅበር ይሰጣል።

ማኅበሩ ሁለት በርሜል ነበረው። በእያንዳንዱ ጎን «200 ሊትር» የሚል ተጽፎበታል። ደብዳቤው ስለ ኪሎ ያወራል፣ በርሜሉ ስለ ሊትር ያወራል፣ በመካከላቸው እኔ ቆሜአለሁ። መድኃኒቱን ያመጣው የግብርና ሠራተኛ እንዳይጠየቅ ደብረ ታቦር ለስብሰባ ሄዷል፤ በዚያ ዘመን ለስብሰባ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ እሱ ራሱም አያውቅም ነበር።

ሊቀመንበራችን ጓድ ታረቀኝ ደግ ሰው ነበር፤ አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፤ ለሁሉም ነገር «በአስቸኳይ» ይላል። ያን ዕለትም ወደ እኔ ዞሮ፣ አራት መቶ ኪሎ ውሃ ስንት በርሜል እንደሚሆን በአስቸኳይ እንድገልጽ አዘዘኝ። «አላውቅም» ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ብዕሬ በደረት ኪሴ ተሰክቶ እያለ፣ አላውቅም ማለት አልሆነልኝም። ጥናት ይፈልጋል አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሊትርን ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። ኪሎንም ተምሬአለሁ። የሁለቱን ዝምድና ያስተማሩ ዕለት ግን ርብ ሞልቶ መንገዱን ዘጋና ሳልሄድ ቀረሁ። ስለ ውሃ እንዳልማር የከለከለኝ ራሱ ውሃ ነው። በማግስቱ ስሄድ መምህራችን ወደ ማካፈል አልፈው ነበር፤ የቀረብኝን ለመጠየቅም አፈርኩ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ሳያውቅብኝ ኖርኩ።

ሰዉ ደግሞ ዝም አላለም። ፎገራ ውስጥ አንድ ቁና ጤፍና አንድ ቁና ኑግ እኩል እንደማይመዝኑ ሕፃን ያውቃል። ቁናው አንድ ነው፤ ክብደቱ እንደ እህሉ ነው። ስለዚህ ሊትር የሚባለው የውሃ ቁና ከሆነ፣ በኪሎ ስንት እንደሚወጣ ሳይመዘን አይታወቅም ተባለ። አቶ አድማሱ የሚባሉ፣ በአውድማ ላይ በመስፈር የታወቁ ሽማግሌ፣ ተነስተው ሌላ ጥያቄ ጨመሩ። ሊትሩ ሲሰፈር ተቆልሎ ነው ወይስ አፉ ተጠርጎ? ጥያቄው በጣም ተገቢ ሆኖ ታየኝ። እሱንም አጠናዋለሁ ብዬ ጻፍኩት።

ከዚያ መሪጌታ ላቀው ተነሱ። መሪጌታ በባሕረ ሐሳብ የፋሲካን ቀን በጣታቸው አንጓ ቆጥረው የሚያወጡ ናቸው፤ ስለ ቁጥር እሳቸው ሲናገሩ ሁላችንም ዝም እንላለን።

«ልጄ፣ ጤፍ ሁሉ አንድ አይዶለም» አሉኝ። «ውሃም ሁሉ አንድ አይዶለም። ተምንጭ የተቀዳው ሌላ ነው፤ ተወንዙ ያለው በዚህ ወር ግማሹ አፈር ነው። ደብዳቤው ዬትኛውን ውሃ ነው የሚለው?»

ደብዳቤውን ገልብጬ አየሁ። ጀርባው ባዶ ነበር።

በመጨረሻ የተወሰነው እንዲህ ነው። የምንበጠብጠው በወንዝ ውሃ ስለሆነ የወንዙ ውሃ ራሱ ወረታ ድረስ ተወስዶ በእህል መጋዘኑ ትልቅ ሚዛን ይመዘን፤ ይህንንም ጸሐፊው ይፈጽም። ይሁን ብዬ ልቀመጥ ስል አቶ አድማሱ እንደገና ተነሱ። በእኛ አገር እህል ሲካፈሉ፣ የሰፈረው ሰው ድርሻውን የሚያነሳው መጨረሻ ነው፤ እንዲህ ሲሆን አስተካክሎ ይሰፍራል። አቶ አድማሱ ሕጉ ለመድኃኒትም ይሠራል፣ ግን ተገልብጦ ነው አሉ፤ የሰፈረው ሰው የራሱን ከብት መጀመሪያ ያስረጭ፣ ሌላው አንድ ቀን ጠብቆ አይቶ ያስረጭ። ሰዉ ሁሉ እጁን አወጣ። ለኮታ፣ ለመንገድ ሥራ፣ ለምንም ነገር እንዲያ በአንድ ልብ እጅ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። እጄን ያላወጣሁ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ቃለ ጉባኤውን እየጻፍኩ ስለሆነ እጄ ተይዟል። «ቦራ መጀመሪያ እንዲረጭ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ።

ቤት ገብቼ ከሰል አነሳሁና በሩ ላይ ማስላት ጀመርኩ። ኪሎ አንድ ሺህ ግራም ነው። ሊትርም አንድ ሺህ የሆነ ነገር እንዳለው ትዝ አለኝ። ሁለቱም ሺህ መሆናቸውን ሳይ ደነገጥኩ። እንዲህ ያለ መመሳሰል ሆን ተብሎ ሰው ለማሳሳት የተቀመጠ ነው ብዬ በክንዴ አጠፋሁት። ከዚያ በቁና ሞከርኩ። ከዚያ በእንስራ ሞከርኩ። በሩ በሙሉ ጠቆረ፤ እኔም ግንባሬ ጠቆረ።

ደብሬ ጀሪካኗን አዝላ ከወንዝ ተመለሰች። ቢጫ የሃያ ሊትር ጀሪካን ናት፤ ወንድሟ ከሐሙሲት ገበያ ያመጣላት፣ ከቤታችን ዕቃ ሁሉ የምትሳሳላት። አወረደችና በሩን አየች፤ እኔንም አየች። ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ የአራት መቶውን ኪሎ ነገር ነገርኳት። ጀሪካኗን በእግሯ ነካ አድርጋ «ይህች እኮ…» ስትል ቶሎ አቋረጥኳት።

«ደብሬ፣ ይህ የሒሳብ ጉዳይ ነው።»

ጀሪካኗን ወደ ጥግ ገፋች። የቦራንም ውሳኔ የነገርኳት ያኔ ነው። ትጮኻለች፣ አባቷን ትጠራለች፣ ሊቀመንበሩ ቤት ድረስ ሄዳ ታዋርደኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን «ይሁን» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ይህ ደግሞ ከሊትሩም ከኪሎውም ይልቅ ግራ አጋባኝ። በሬውን ጠልታው ነው? ወይስ እኔን? ማምሻውን ፊቷን ባይ ባይ ምንም ላነብ አልቻልኩም። ጀሪካኗን ለምዘናው እንድታውሰኝ ስጠይቃት ብቻ ጠንከር ብላ ክዳኑ እንዳይጠፋ አስጠነቀቀችኝ።

ከጎረቤት አራት ተመሳሳይ ጀሪካን ተውሼ አምስት አደረግሁ። አምስት ጊዜ ሃያ መቶ ነው፤ ይህችን ማንም አይወስድብኝም። በማለዳ ከወንዙ ሞልቼ አራቱን በሁለት አህያ ጫንኩ፤ የደብሬን በአንደኛው አህያ ጀርባ ላይ ደረብኩ። ወረታ በበጋ ጧት ተነስቶ ፀሐይ ሳይበረታ የሚደረስባት ከተማ ናት። በመስከረም ግን መንገዱ የት እንዳለ የሚያውቁት አህዮቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ያን ዕለት የረሱት መሰለኝ። ዙሪያዬን እስከ ዓይኔ መዳረሻ ውሃ ተኝቷል፤ እኔ በመካከሉ ውሃ ጭኜ እሄዳለሁ።

መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ይጠይቃል። ምን ጭነህ ነው? ውሃ። ወዴት? ወረታ። አንዲት እናት ልብሳቸውን ሰብስበው ውሃውን እየተሻገሩ ሳለ ቆሙና፣ ወረታ ጉድጓዱ ደረቀ እንዴ ብለው ከልባቸው አዘኑ። ደርቆ እንዳልሆነ፣ ለምዘና መሆኑን ስነግራቸው ደግሞ ይበልጥ አዘኑ፤ ይህኛው ሐዘን ለእኔ ነበር። አንድ ሽማግሌ እግዜር ይማርህ ብለውኝ አለፉ። አመሰገንኳቸው፤ ምን ልበል?

ወረታ መግቢያ ላይ ኬላ ነበር። ሁለት ጠባቂዎች አስቆሙኝ። አምስት ጀሪካን ሙሉ ነገር፣ ያውም ጭቃ በጭቃ የሆነ ሰው ይዞት፤ አረቄ ነው ብለው መጠርጠራቸው አይፈረድባቸውም። ውሃ ነው ብዬ ማልኩ። ውሃ ወደ ከተማ የሚያስገባ ሰው ከአረቄ ነጋዴ የባሰ አጠራጠራቸው። ከየጀሪካኑ እየቀዱ መቅመስ ጀመሩ። ከመጀመሪያው በተስፋ አንድ ጣሳ ጠጡ። ከሁለተኛው ጠጡ። አምስቱንም ሳያዳርሱ አላቆሙም፤ ምናልባት አረቄው በመጨረሻው ውስጥ ተደብቆ ይሆናል። የመጨረሻው የደብሬ ነበር። ትልቁ ጠባቂ ጭቃማውን ውሃ ውጦ ፊቱን ሲያጨፈግግ ክዳኑ ከእጁ አመለጠ፤ ከመንገዱ ዳር ካለው ጎርፍ ገባ። ጎንበስ ብዬ እስከ ክንዴ እየዳበስኩ ብዙ ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም። ቦዩ ውስጥ እንዲያ ተንበርክኬ ሳለ እንባዬ ሊመጣ ደርሶ ነበር።

የጎደለውን ሞልቼ መቶ ሊትር ማድረግ ነበረብኝ። ከዚያው ከመንገድ ዳር ጎርፍ ሞላሁ። ከሞላሁ በኋላ ነው የመሪጌታ ጥያቄ የመጣብኝ። ዬትኛው ውሃ ነው? አሁን ግማሹ የእኛ ወንዝ፣ ግማሹ የወረታ ጎርፍ ሆኗል። ይህንን ለማንም እንዳልናገር ከራሴ ጋር ተስማማሁ። የደብሬን ጀሪካን አፍ በሣር ጎስጉሼ ቀጠልኩ።

የእህል መጋዘኑ ከጎንደርና ከደብረ ታቦር መንገድ መገናኛ ብዙም አይርቅም። ሚዛን የሚይዘው ሰው ካኪ ካፖርት የለበሰ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ የሰካ፣ ቀና ብሎ ሰው የማያይ ሰው ነበር።

«የእህሉ ዓይነት?» አለኝ።

«ውሃ ነው።»

«የእህሉን ዓይነት ነው የጠየቅሁህ።»

«ውሃ ነው።»

ያኔ ቀና አለ። ጀሪካኖቹን አየ፤ ቅጹን አየ። ቅጹ ላይ ጤፍ አለ፣ ገብስ አለ፣ ዳጉሳ፣ ሽምብራ፣ ኑግ አለ። ከታች «ልዩ ልዩ» የሚል ስለነበር እፎይ ብሎ እዚያ ላይ ውሃ ብሎ ጻፈ። አምስቱንም ሚዛኑ ላይ አስቀመጥን። መቶ ስድስት ኪሎ ሆነ። እኔ በደስታ ቁጥሩን መዳፌ ላይ ስጽፍ እሱ መቀነስ ጀመረ። ለጆንያ አንድ አንድ ኪሎ፣ በጠቅላላው አምስት። ጆንያ አይደለም ጀሪካን ነው አልኩት፤ ቅጹ ጆንያ ነው የሚለው አለኝ። መቶ አንድ ቀረ። ቀጥሎ ለአፈርና ለእርጥበት ሁለት ኪሎ ቀነሰ።

ቆይ አልኩ። ቆይ ካልኩ በኋላ ግን ምን እንደምል ጠፋኝ። አፈር አለው፤ አያለሁ። እርጥብ ነው፤ ያንንም መካድ አልቻልኩም። ሰውየው እርሳሱን እንደያዘ ጠበቀኝ፤ እርጥበት ሳይቀነስለት እዚህ ግቢ የገባ ነገር የለም አለ። እሺ አልኩ። የተጣራ ክብደት ዘጠና ዘጠኝ ኪሎ። ጥራት፣ ሁለተኛ ደረጃ። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ ረገጠበት።

ደረሰኜን ኪሴ ከትቼ ጀሪካኖቹን ላነሳ ስል ሰውየው እጄን ያዘኝ። ገቢ ሆኗል አለኝ። ደረሰኝ የተቆረጠለት ነገር ያለ ማውጫ ትእዛዝ ከመጋዘን አይወጣም። ትእዛዙን የሚሰጠው ማን ነው? ኃላፊው ናቸው። ኃላፊውስ? ስብሰባ ላይ ናቸው። ጀሪካኖቹ የሰው መሆናቸውን፣ አንዷ የባለቤቴ መሆኗን፣ ክዳኗም ቀድሞ መጥፋቱን ነገርኩት። ባለቤቴ ያልኩት ላይ ሳይራራልኝ አልቀረም፤ እሱም ባለትዳር ነበር። እንግዲያው ዕቃውን ውሰድ፣ ይዘቱ ግን የመጋዘኑ ነው ብሎ ወሰነ። ስለዚህ መቶውን ሊትር እዚያው ግቢ ውስጥ ደፋሁት። ግቢው ቀድሞውንም ጨቅይቷል፤ የመንግሥት ንብረት የሆነው ውሃ የትኛው እንደሆነ ከዚያ በኋላ ማንም አይለየውም።

ባዶዎቹን ከሚዛኑ አጠገብ ቆሜ ሳይ፣ እነሱንም መዝንልኝ ብዬ ለመንኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ጭንቅላቴ ብቻውን መሥራቱ ነው። መዘነልኝ፤ አምስቱ ስድስት ኪሎ ሆኑ። ወረቀት አልቆረጠልኝም፤ ባዶ ዕቃ ቅጽ የለውም።

በመልሱ መንገድ ከሦስት ቁጥር ጋር ተጓዝኩ። መቶ ስድስት አለኝ። ማኅተም ያለው ዘጠና ዘጠኝ አለኝ። ከመቶ ስድስት ላይ የባዶውን ስድስት ካነሳሁ ደግሞ መቶ ይሆናል። መቶ ሊትር መቶ ኪሎ! ይህንን ሳገኝ ያዘንኩት ሐዘን። እንዲያ ያለ ንጹሕ ቁጥር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። አንድም ቁና ጤፍ ያለ ትርፍራፊ ተመዝኖ አያውቅም። ጠባቂዎቹ የጠጡት አለ፣ ጎርፉ አለ፣ አፈሩ አለ፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ተደምሮ እንዴት መቶ ላይ ድፍን ይላል? የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ። ያ ስሕተት የቦራ ቆዳ ነው።

ከዋርካው ሥር ሦስቱንም ቁጥር አቀረብኩ። ጓድ ታረቀኝ ማኅተም ያለውን በአስቸኳይ መረጠ። እንግዲያ መቶ ሊትር ዘጠና ዘጠኝ ኪሎ ከሆነ፣ አራት መቶ ኪሎ ለማግኘት አራት መቶ አራት ሊትር ያስፈልጋል፤ ይህንን ለማስላት ሰዉ ሁሉ ቆሎውን ጨርሶ እስኪጠብቀኝ ድረስ ቆየሁ። ሁለቱ በርሜል እስከ አፋቸው ቢሞሉ አራት መቶ ሊትር ነው። አራቷ ሊትር መግቢያ አጣች። ሌላ በርሜል የለንም። አቶ አድማሱ ሳይነሱ፣ በትራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው፣ ቀድመው ጠይቀው እንደነበር አስታወሱን። ይቆለል አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። አንዱ የበርሜሉን አፍ ዙሪያ በጭቃ ከፍ ብናደርገውስ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩት።

መሪጌታ ደረሰኙን ተቀብለው ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት።

«ይህ ለእርጥበት ተቀናሽ የሚለው ተምን ላይ ነው የተነሳው?» አሉኝ።

«ተውሃው ላይ ነው መሪጌታ።»

«ተውሃ ላይ እርጥበቱ ታነሳህለት ምን ይቀራል ልጄ?»

ብዙ አሰብኩ። ምንም አይቀርም አልኩ።

«እንግዲያው እሱን ተወው። የጆንያውንም ተወው፤ ጆንያ አልነበረህም። የባዶው ዕቃ ስድስት ነው ብለሃል። መቶው ሊትር መቶ ኪሎ ነው።»

በጣም መግጠሙ አስፈርቶኛል አልኳቸው። ፈገግ አሉ።

«ፋሲካም ሁሌ እሑድ ነው የሚውል» አሉኝ። «ስለ ገጠመ ሐሰት ነው አንለውም።»

ሁለት በርሜል ተባለ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረን ሁለት በርሜል። ውሃው ተሞላ፣ ዱቄቱ ተበጠበጠ። ቦራን አመጣሁት። ገመዱን አሳጥሬ ያዝኩ። መድኃኒቱን የሚረጨው ሰው የመርጫ ማሽኑን በጀርባው አዝሎ ከጆሮው ጀምሮ እስከ ጭራው ሥር አዳረሰው። ሰዉ ራቅ ብሎ ቆሞ ያያል። ቦራ አንድ ጊዜ ዞሮ አየኝ። የጠየቀኝን አውቃለሁ፤ መልሱን ግን እኔም አላውቅም ነበር።

ያን ቀን ከአጠገቡ አልተነሳሁም። ቆዳውን ዳበስኩ፣ ትንፋሹን ቆጠርኩ። በቀትር ላይ ድንገት ተንበረከከና ተኛ። አበቃ አልኩ። መሪጌታን ከቅኔ ማኅሌት ድረስ እየሮጥኩ ጠርቼ አመጣኋቸው። መጥተው ቆመው አዩት።

«እያመሰኳ ነው» ብለውኝ ተመለሱ።

በማግስቱ ጧት ቦራ ከተኛበት ሲነሳ መዥገሩ ከሥሩ ረግፎ ነበር። የቀረውንም እጄን ሳሳልፍበት እንደ ደረቀ ፍሬ እየለቀቀ ወደቀ። ቆዳው ደህና ነው። አንገቱን አቅፌ ቆምኩ፤ ሰው እንዳያየኝ ዞር ዞር ብዬ አይቼ እንደገና አቀፍኩት። ከዚያ የማኅበሩ ከብት ሁሉ ተሰልፎ ተረጨ። ጓድ ታረቀኝ በሪፖርቱ ላይ ሥራው በአስቸኳይ መጠናቀቁን እንድጽፍ አዘዘኝ፤ ጻፍኩ።

ደብሬ የመጣችው ሰዉ ከተበተነ በኋላ ነው። ቦራን አየችው፤ አልተደነቀችም። ከስንት ቀን ጀምሮ ያፈንኩትን ያኔ ጠየቅኋት። በሬሽ ሊሞት ይችል ነበር፤ እንዴት አንድ ቃል ሳትናገሪ ይሁን አልሽ?

«ምን ያስፈራኛል?» አለች። «ተወፍጮ ቤት ሃያ ኪሎ ዱቄት በጀርባዬ አመጣለሁ። ተወንዝ ይህችን ጀሪካን ሞልቼ በጀርባዬ አመጣለሁ። ጀርባዬ አንዱን ተአንዱ ለይቶት አያውቅም።»

የጀሪካኗን ጎን አየሁ።

«ሃያን ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ያስተማርከኝ አንተው ነህ» አለችኝ። «ጀሪካኗ ላይ ተጽፋለች፤ የወፍጮ ቤቱ ሚዛን ላይም አያታለሁ። ያኔ ልነግርህ ስል የሒሳብ ጉዳይ ነው አልከኝ።»

ጀሪካኗን አነሳች፣ አፏ ላይ የጎሰጎስኩትን ሣር መዘዘች፣ ክዳኑስ አለችኝ።

በሌላው ቀን ማለዳ ጀሪካኗን አነሳሁና በበቆሎ ቆረቆንዳ ክዳን ሠርቼላት ወደ ወንዝ ወረድኩ። በእኛ አገር ወንድ ውሃ በጀርባው አያዝልም። ሞልቼ፣ በገመድ አስሬ፣ አዝዬ ስመለስ የማያየኝ ሰው አልነበረም። አቶ አድማሱ ከማሳቸው ድንበር ላይ ቆመው፣ ደግሞ ወረታ ልወስዳት እንደሆነ ጠየቁኝ። አይደለም፣ ቤት ነው አልኳቸው። ዳገቷ አጭር ናት፤ ደብሬ በቀን ሁለቴ የምትወጣት። ግማሿ ላይ ስደርስ ገመዱ ትከሻዬን በላው፣ ወገቤ ታጠፈ፣ ቁጭ ብዬ አረፍኩ። እንደገና ተነሳሁ። ደጃችን ላይ ሳወርዳት ሃያ ኪሎዋን ቆጥሬ ነው ያወረድኳት፤ ለእርጥበት የቀነሰልኝ ሰው አልነበረም።